አብሮ መዋል ማስረጃ ይሆናል? ስለ ታክስ ሴራ ፍርድና ስለ ይግባኙ

(ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ላይ በአማርኛ ያደረግኩት ንግግር ነው። በጽሑፍ ላክልን ያላችሁኝ ስለበዛችሁ ይኸው። አነጋገሩን ብዙም አልነካሁትም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የአገር ቤቱን ሕግ ስጠቅስ ብቻ በእኛ።)

እንደምን ዋላችሁ። የዕረፍት ቀናችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እዚህ ውስጥ የታክስ ቢሮ ያላችሁ አላችሁ። ሬስቶራንት ያላችሁ አላችሁ። ለወንድም፣ ለአጎት፣ ለጓደኛ ደብተር የምትይዙም አላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ያለ ክፍያ። የዛሬው ወሬ ከሁላችሁም ጋር ይገናኛል፣ በተለይ ከመጨረሻዎቹ ጋር።

«ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች» ይባላል። አብሮ የዋለ አብሮ ይጠየቃል ብለን ነው ያደግነው። ሰፈር ውስጥ አንድ ሰው ሲታሰር «እሱስ ከእነሱ ጋር አልነበር?» እንላለን፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። እኔ ጠበቃ ሆኜ ስሠራ ብዙ ጊዜ የሚያስፈራኝ ይሄ አስተሳሰብ ነው፤ ምክንያቱም የእኛ ብቻ አይደለም። ጁሪ ውስጥ የሚቀመጡት አሥራ ሁለት አሜሪካውያንም ያስቡታል። አብሮ ነበረ፣ ደሞዝ በልቷል፣ ቢሮው እዚያው ነበር፣ እንዴት ላያውቅ ይችላል? ብለው ጥፋተኛ ይሉታል። ያን ጊዜ የሚቀረው አንድ በር ይግባኝ ነው። በሩ ጠባብ ነው። ግን አለ፣ ሰውም ወጥቶበታል።

መጀመሪያ ወንጀሉን እንየው። የፌዴራሉ የወንጀል ሕግ ቁጥር 371 ላይ ሴራ የሚባል ወንጀል አለ፤ እናንተም ኮንስፒራሲ ስትሉት የምሰማው ማለት ነው። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ወንጀል ለመሥራት ይስማማሉ፣ ከመካከላቸው አንዱ ስምምነቱን ወደፊት የሚያራምድ አንድ ነገር ያደርጋል። በቃ፣ ወንጀሉ ሞላ። ሐሳባቸው ባይሳካም ሞላ። አንዲት ሳንቲም ባይሰወርም ሞላ። ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት እስራት ነው፣ የገንዘብ መቀጮ ደግሞ እስከ 250 ሺህ ዶላር ሊደርስ ይችላል። ያ አንድ ድርጊት ራሱ ሕገወጥ መሆን የለበትም፤ ኢሜይል መላክ ይሆናል፣ ባንክ ሄዶ ሂሳብ መክፈት ይሆናል።

ታክስ ላይ ሲመጣ ክሱ በሁለት መልክ ይቀርባል። አንዱ ግልጽ ነው፤ ታክስ ለመሰወር ተስማምተዋል ይላል። ሁለተኛው ሰፋ ይላል፤ አይአርኤስ፣ የፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት፣ ታክስ የመወሰንና የመሰብሰብ ሥራውን እንዳይሠራ በማታለል ለማደናቀፍ ተስማምተዋል ይላል። ይሄ ሁለተኛው በ1957 ኒውዮርክ ካለው የይግባኝ ፍርድ ቤት በወጣ ውሳኔ ስም የክላይን ሴራ ይባላል። ሥሩ ግን ከዚያ ይርቃል። በ1910 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መንግሥትን ማታለል ማለት ገንዘብ መውሰድ ብቻ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱን ሕጋዊ ሥራ ማሰናከልንም ይጨምራል ብሎ ነበር። ዐቃቤ ሕግ ይሄን ክስ ይወደዋል። ለምን? ብዙ ሰው በአንድ መዝገብ ያስገባለታል። ባለቤቱን፣ አካውንታንቱን፣ ጸሐፊዋን፣ ቼክ የፈረመውን፣ ሁሉንም አንድ ወንበር ላይ ደርድሮ ለጁሪ ያሳያቸዋል።

እንግዲህ ለማሰብ እንዲመቸን አንዲት እህት እንውሰድ። ምሳሌ ናት እንጂ ማንም አይደለችም። አንድ የታክስ ቢሮ ውስጥ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ ትሠራለች። ስልክ ታነሳለች። ደብል ዩ ቱ፣ የዓመቱን ደሞዝ የሚያሳየውን ወረቀት፣ ትሰበስባለች፣ የልጆችን ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ትጽፋለች፣ ደንበኛ ሲመጣ ሻይ ትሰጣለች። ጓዳ ያለው ባለቤት ደግሞ የሌሉ ልጆችን በሰው ታክስ ላይ እየጨመረ፣ ያልነበረ የንግድ ኪሳራ እየጻፈ ተመላሽ ገንዘቡን ያሳድጋል። አንድ ቀን አይአርኤስ መጣ። ሁለቱም ተከሰሱ። ዐቃቤ ሕጉ ለጁሪው ምን ይላል? ሦስት ዓመት አብራው ሠርታለች፣ ወረቀቱ ሁሉ በእጇ አልፏል፣ ደንበኞቹ በተመላሹ ሲደሰቱ ሰምታለች፣ አንድ ቀን ለባለቤቱ «ሰውየው ስለ ልጆቹ እየጠየቀ ነው፣ ምን ልበለው?» የሚል ቴክስት ልካለች። ጁሪው ጥፋተኛ አላት። ታዲያ ይሄ ማስረጃ በቂ ነው?

መልሱን ለማግኘት ወደ አትላንታ እንሂድ። ይሄን ጉዳይ ለረጅም ጊዜ ነው የምወደው።

አትላንታ ውስጥ በ1950ዎቹ ድብቅ ሎተሪ ነበር። ሰው ቁጥር ገምቶ ሳንቲም ያስይዛል፣ ቁጥሩ ከወጣለት ይከፈለዋል። በጆርጂያ ሕግ ቁማሩ ራሱ ክልክል ነው። ኮንግረስ ደግሞ በ1951 ውርርድ ላይ ታክስ ጥሎ ነበር፤ ከተያዘው ገንዘብ ላይ 10 በመቶ፣ ከዚያ ሌላ በዓመት 50 ዶላር የሥራ ታክስ። ልብ በሉ፣ ሥራው ሕገወጥ ቢሆንም ታክሱ ይከፈላል። የሎተሪው ሰዎች አልከፈሉም። ተያዙና ታክስ ለመሰወር አሲራችኋል ተብለው ተፈረደባቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሱት አራት ነበሩ። ሁለቱ የሎተሪው ባለቤቶች፣ ሁለቱ ደግሞ ተቀጣሪዎች። መዝገቡ ኢንግራም በዩናይትድ ስቴትስ ላይ ይባላል፣ የተወሰነው በ1959 ነው።

መንግሥት ያቀረበው ማስረጃ ብዙ ነበር። ተደብቀው ይሠሩ ነበር፣ ሽፋን ያበጁ ነበር። እውነት ነው። ፍርድ ቤቱ ግን ቆም ብሎ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ የተደበቁት ከማን ነው? ቁማሩ በጆርጂያ ወንጀል ነው። ከፖሊስ የሚደበቅ ሰው ሁሉ ከታክስ ሰብሳቢ እየተደበቀ ነው ሊባል አይችልም። ባለቤቶቹ ታክሱን መክፈል ያለባቸው ራሳቸው ናቸው፣ ገቢውም ወጪውም በእጃቸው ነው፣ ስለዚህ ያውቁ ነበር ብሎ መደምደም ይቻላል፤ የእነሱ ፍርድ ጸና። ሁለቱ ተቀጣሪዎች ግን ታክሱ የእነሱ ዕዳ አልነበረም። እንዲህ ያለ ታክስ መኖሩን፣ አለመከፈሉንም እንደሚያውቁ የሚያሳይ ነገር መዝገቡ ውስጥ አልተገኘም። ቁማሩ ውስጥ ነበሩ? አዎ። ያውቁት ነበር? ቁማሩን፣ አዎ። የታክሱን ሐሳብስ? የሚያሳይ የለም። ፍርዳቸው ተሻረ።

ፍርድ ቤቱ እዚያ ላይ ሁለት ነገር አለ። በአንድ ወንጀል ላይ አሲረሃል ለመባል ቢያንስ ለወንጀሉ ለራሱ የሚያስፈልገው የወንጀል ሐሳብ ሊኖርህ ይገባል። ሁለተኛው ደግሞ የሴራ ክስ ግምት በግምት ላይ እየተደራረበ አይሠራም። ይሄን ሁለተኛውን በሠራሁ ቁጥር አስበዋለሁ። የእህታችንን ጉዳይ እዩት እስቲ። ሦስት ዓመት ሠርታለች፣ ስለዚህ ወረቀቱን አይታለች። አይታለች፣ ስለዚህ አንብባዋለች። አንብባለች፣ ስለዚህ ልጆቹ የውሸት መሆናቸው ገብቷታል። ገብቷታል፣ ስለዚህ ተስማምታለች። አራት ግምት። ከታች ያለው አንዱ ብቻ እውነት መሆኑ ተረጋግጧል፣ ሌሎቹ በላዩ ላይ የተካቡ ናቸው።

ከአትላንታ በፊት የስኳር ነጋዴዎቹ ጉዳይ ነበር፣ በ1940። ድብቅ አረቄ አውጪዎች ታክስ ሳይከፍሉ ያመርታሉ፤ ስኳርና እርሾ፣ ቆርቆሮም የሚሸጡላቸው ነጋዴዎች አብረው በሴራ ተከሰሱ። ነጋዴዎቹ ስኳሩ የት እንደሚሄድ ቢያውቁ እንኳ ስለ ሴራው ካላወቁ የሴራው አባል አይሆኑም ተባለ። አገር ቤት ጌሾና ብቅል የሚሸጡ እናቶችን አስቡ። ግን እዚህ ላይ ቸኩላችሁ አትደሰቱ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1943፣ አንድ የመድኃኒት አምራች ለአንድ ሐኪም በፖስታ ሞርፊን እያበዛ ሲልክለት ኖሮ ተከሶ የዚያኛው ፍርድ ጸና። ስኳር ሁሉም ቤት የሚገባ ነገር ነው፣ ሞርፊን በዚያ ብዛት ግን ራሱ ይናገራል። የምትሸጠው ነገር ዓይነትና ብዛቱ እያደገ ሲሄድ «አላውቅም ነበር» የሚለው ቃል እየሳሳ ይሄዳል። ታክስ ቢሮ ላይም ያው ነው። አንድ ደንበኛ የውሸት ደረሰኝ ቢያመጣ አንድ ነገር ነው። መቶ ደንበኛ መቶ ተመሳሳይ ኪሳራ ሲኖረው ጠረጴዛው ላይ ያለችውም ሰው ጥያቄ ይመጣባታል።

እንዲያውም ሌላ ወጥመድ አለ። አውቆ አይን መጨፈን። ውሸት ሳይሆን አይቀርም ብለህ እየጠረጠርክ፣ ላለማወቅ ስትል ሆን ብለህ ካልጠየቅክ፣ ሕጉ እንዳወቅክ ይቆጥርሃል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 መለኪያውን ግልጽ አድርጎታል፤ ነገሩ ከፍ ባለ ዕድል እውነት እንደሆነ ማመንና እንዳያረጋግጥ ሆን ብሎ መሸሽ፣ ሁለቱም መታየት አለባቸው። ዝንጉ መሆን፣ ሥራ መብዛት፣ እንግሊዝኛው በደንብ አለመግባት ለዚህ አይበቃም። ስለዚህ ጠበቃችሁ ማንነታችሁን፣ ምን ያህል እንደምታነቡ፣ ምን ሥራ እንደነበራችሁ በችሎቱ ላይ ማስመዝገብ አለበት።

አሁን ቅርብ ጊዜ ወደሆነው እንምጣ፣ ምክንያቱም 1959 ሩቅ ነው፣ ዛሬ ይሄ ይሠራል ወይ የሚል ይኖራል። ኧርነስት ኤንድ ያንግን ታውቁታላችሁ፣ ከዓለም ትልልቅ የሂሳብ ኩባንያዎች አንዱ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ አካባቢ በጣም ሀብታም ለሆኑ ደንበኞች ታክስ የሚቀንስ ውስብስብ የኢንቨስትመንት ዘዴ ይሸጥ ነበር። አይአርኤስ ኦዲት ሲጀምር ስለ ዘዴዎቹ ዓላማ ውሸት ነግረውታል፣ ነገሩንም ሸፋፍነዋል ተብለው የኩባንያው አራት ሰዎች ተከሰሱ። በ2009 ኒውዮርክ ላይ አሥር ሳምንት ያህል የፈጀ ችሎት ተካሄደ፣ አራቱም ጥፋተኛ ተባሉ። ሁሉም ይግባኝ አሉ። በኅዳር 2012 ሁለተኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት ወሰነ፤ የሁለቱ ፍርድ በዋናው ሴራ ላይ ጸና፣ የሌሎቹ ሁለቱ ግን በቂ ማስረጃ የለም ተብሎ ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ።

እነዚህ ሁለቱ የተማሩ ሰዎች ናቸው። ታክስ ሥራቸው ነው። ስብሰባው ላይ ነበሩ፣ ኢሜይሉን አይተዋል፣ ረቂቁን አርመዋል። ከእኛ እህት ጋር አይወዳደሩም። እንዲያም ሆኖ ዳኞቹ እያንዳንዱን ወረቀት አንስተው፣ ይሄ ሰው ይሄን ሲያደርግ ሊዋሽ አስቦ ነው ወይስ ማንም የታክስ ባለሙያ በሥራው እንደሚያደርገው? ብለው ጠየቁ። የሚከተሉት መርሕ ይሄ ነው፦ ማስረጃው ለመንግሥት በሚመች መልኩ ታይቶ እንኳ ለጥፋተኝነትም ለንጽሕናም እኩል ወይም እኩል ሊባል በሚችል ደረጃ የሚያስረዳ ከሆነ፣ ምክንያታዊ የሆነ ጁሪ ጥርጣሬ ሊገባው ግድ ነው። ሚዛኑ መሐል ላይ ከቆመ ተከሳሹ ያሸንፋል። ለእኔ ከውሳኔው ውስጥ ትልቁ ነገር አራቱን በአንድ ላይ አለማየታቸው ነው። አንድ በአንድ አዩአቸው። በሴራ ክስ ከባዱ ነገር ይሄ ነው፣ ጁሪው ሁሉንም እንደ አንድ ቤተሰብ ያያቸዋልና።

ኩባንያው ራሱ በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2013፣ እንዳይከሰስ ተስማምቶ 123 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ጥፋት አልነበረም ለማለት አይደለም የማወራው። ጥፋት ነበረ። ጥያቄው የማን ነው? ነው።

እሺ፣ ስለ ይግባኙ ራሱ እናውራ። እዚህ ላይ ነው ወገኖቻችን የሚሳሳቱት።

አገር ቤት ፍርድ ቤት የሄዳችሁ ታስታውሳላችሁ። በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን አሰምቶ ሲጨርስ ዳኛው ብይን ይሰጣል። ካላስረዳ በአንቀጽ 141 ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በነጻ ይሰናበታል፤ ካስረዳ በአንቀጽ 142 ይከላከል ይባላል። እዚህም የሱ ዘመድ አለ፣ ደንብ 29 ይባላል። ልዩነቱ፣ እዚህ አብዛኛውን ጊዜ ጠበቃው ተነስቶ መጠየቅ አለበት። መንግሥት ማስረጃውን ሲጨርስ «ክቡር ዳኛ፣ ማስረጃው አይበቃም፣ ደንበኛዬ በነጻ ይሰናበትልኝ» ይላል። ዳኛው አይሆንም ካለ ጁሪው ይወስናል። ጁሪው ጥፋተኛ ካለ በኋላም በ14 ቀን ውስጥ ጥያቄውን እንደገና ማቅረብ ይቻላል።

ጠበቃው ይሄን ሳይጠይቅ ካለፈ ይግባኙ ላይ በጣም ከባድ ይሆናል። ይግባኝ ሰሚዎቹ የሚያዩት ግልጽ የሆነ፣ ዝም ቢባል ፍትሕ የሚያጓድል ስህተት ካለ ብቻ ነው። ሦስት አረፍተ ነገር ሳይናገር በመቅረቱ ሰው ዓመታት ታስሮ ያውቃል። ስለዚህ ጠበቃችሁን በችሎቱ ቀን ጠይቁት፦ ደንብ 29 ልትጠይቅ ነው? በሉት። አይከፋውም። ከከፋውም ይክፋው።

ሌላው ልዩነት። አገር ቤት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም ያያል፣ ሰበር ነው መሠረታዊ የሕግ ስህተት ብቻ የሚለው። እዚህ ይግባኝ ላይ አዲስ ምስክር የለም፣ አዲስ ወረቀት የለም። «አንድ ሰው አለ፣ እውነቱን ያውቃል» የሚሉኝ ወገኖች አሉ። አዝናለሁ፣ ይግባኙ ላይ አይሰማም። ሦስት ዳኞች የሚያዩት ያው የተቀዳውን መዝገብ ነው፤ ማን ምን አለ፣ የቱ ወረቀት ቀረበ። ከዚያ በላይ ደግሞ መዝገቡን የሚያነቡት ለመንግሥት በሚመች መነጽር ነው። ምስክሩ ውሸታም ነው ብትሉ፣ ጁሪው አምኖታል፣ አለቀ ይሏችኋል። መለኪያው በ1979 የተቀመጠው ነው፦ ማስረጃው ሁሉ ለመንግሥት እንዲመች ተደርጎ ሲታይ፣ ማንኛውም አስተዋይ ሰው እያንዳንዱ የወንጀሉ ክፍል ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ተረጋግጧል ሊል ይችል ነበር ወይ? ይችል ነበር ከተባለ ፍርዱ ይጸናል፣ ዳኞቹ ራሳቸው ቢሆኑ በነጻ ይለቁት የነበረ ቢሆን እንኳ።

ለዚህ ነው «ምስክሩ ዋሽቷል» የሚለው ይግባኝ የሚወድቀው፣ «ምስክሩ የተናገረው ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ ማወቄን አያሳይም» የሚለው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ የሚያሸንፈው። የአትላንታዎቹ ተቀጣሪዎች ያሸነፉት በዚህ ነው። ከመንግሥት ማስረጃ ጋር አልተጣሉም። ተቀብለውት ቀዳዳውን አሳዩ። ደንበኞቼ ይሄን ሲሰሙ ይናደዳሉ። «ውሸቱን ዝም ልትል ነው?» ይሉኛል። ይግባኙ ላይ፣ አዎ፣ ዝም እላለሁ፤ ክርክሩን የማጠነጥነው ያላወቁት ነገር ላይ ነው።

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለምትኖሩት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የእናንተ ይግባኝ የሚሄደው ሪችመንድ ወዳለው አራተኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት ነው። ዲሲ የራሱ አለው። ሪችመንድ በ1996 በሙሉ ችሎት በሰጠው ውሳኔ፣ ሴራው መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ የአንድ ሰው ግንኙነት ትንሽ ቢሆንም ይበቃል የሚል አነጋገር አለ። ዐቃቤ ሕጎች «ትንሽ» የምትለዋን ቃል ያጎሏታል። ውሳኔው ግን ያቺ ትንሽ ግንኙነት ራሷ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ አለባት ይላል። ትንሽ ግንኙነት ማለት ትንሽ ማስረጃ ማለት አይደለም። ጠበቃችሁ ይሄን ልዩነት ካልተከራከረበት ማንም አይከራከርላችሁም።

ቀኑን እንዳትረሱ። ፍርዱ ተጽፎ ከተመዘገበ በኋላ ይግባኝ እላለሁ የሚለው አንድ ገጽ ወረቀት በ14 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ሠላሳ ቀን የሚሉት ሌላ ነው፣ በፍትሐ ብሔር ነው። ይግባኝ ማለትም ከእስር አያስቀርም። ዳኛው እንዳታሰሩ የሚፈቅደው እንደማትጠፉ፣ ለሰውም እንደማታሰጉ ካሳያችሁና ይግባኙ ፍርዱን ሊያስቀይር የሚችል ከባድ ጥያቄ ካነሳ ነው። የታክስ ጉዳይ ላይ የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ይቻላል፣ ሁለተኛው ነው የሚያስቸግረው። ጠበቃ የሚከፍል ከሌላችሁ ለመጀመሪያው ይግባኝ መንግሥት ያቆምላችኋል፣ መብት ነው፣ አታፍሩ።

አሁን ደግሞ በጣም የምጠነቀቅለት ነገር። ጥፋተኛ ነኝ ማለት።

ብዙ ወገን ዐቃቤ ሕጉ «ጥፋተኛ ነኝ በል፣ ትንሽ ትቀጣለህ» ሲለው ይስማማል። አልፈርድበትም፤ ልጆች አሉት፣ ችሎቱ ያስፈራል፣ ገንዘቡ አልቋል። ግን ጥፋተኛ ነኝ ያለ ሰው የማስረጃውን ብቃት በይግባኝ ማንሳት አይችልም። ማስረጃው የራሱ አፍ ሆኗል። በኋላ የፈለገ ባዶ መዝገብ ቢገኝ፣ ዛሬ ያወራሁት ሁሉ ለእሱ ተዘግቷል።

ግሪን ካርድ ያላችሁ ደግሞ ሁለት ጊዜ ስሙኝ። በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው የጃፓን ባልና ሚስት ጉዳይ አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሬስቶራንት ነበራቸው። ባልየው የውሸት የታክስ ሰነድ በመፈረም፣ ሚስትየው በማገዝ ጥፋተኛ ነን አሉ። ቅጣቱ ከባድ አልነበረም፣ ተቀበሉት፣ አለፈ መሰላቸው። በኋላ ኢሚግሬሽን መጣ። ማጭበርበር ወይም ማታለል ያለበት ወንጀል ሆኖ ጉዳቱ ከ10 ሺህ ዶላር ከበለጠ ከባድ ወንጀል ተብሎ ከአገር ያስወጣል፤ ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ የእነሱም እዚያ ውስጥ ይገባል አለ። ሕጉ በእንዲህ ያለ ወንጀል ማሴርንም ይጨምራል። 10 ሺህ ዶላር በሬስቶራንት ሂሳብ ስንት ነው? የጥቂት ዓመታት ቲፕ ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት የወንጀል ጠበቃችሁን ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር አንድ ክፍል አስቀምጧቸው። አንድ ሰዓት ይበቃል።

ወደ እህታችን ልመለስ። ጉዳይዋን ብይዝላት ምን አደርጋለሁ? መጀመሪያ መዝገቡን በሙሉ አነባለሁ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ አንዲት ነጠላ ወረቀት እወስድና ግራ በኩል እያንዳንዱን በእሷ ላይ የቀረበ ነገር እጽፋለሁ፤ ባለቤቱ ላይ የቀረበውን አይደለም፣ በእሷ ላይ ብቻ። ቀኝ በኩል ደግሞ ይሄ ነገር ማወቋን ያሳያል ወይስ መኖሯን? ብዬ እጽፋለሁ። ሦስት ዓመት መሥራቷ፣ መኖር። ወረቀት መሰብሰቧ፣ መኖር። ደሞዟ በሰዓት ተከፍሏታል፣ ከተመላሹ ድርሻ አልነበራትም፤ ይሄ እንዲያውም ለእሷ ነው። ታክሱን ያዘጋጀችው እሷ አይደለችም፣ የአዘጋጅ ቁጥር፣ ፒቲን የምትሉት፣ የላትም። ደንበኞቹ ሲመሰክሩ ልጆቹን ያነሳው ባለቤቱ ነው አሉ።

የሚቀረው ያ ቴክስት ነው። «ሰውየው ስለ ልጆቹ እየጠየቀ ነው፣ ምን ልበለው?» ዐቃቤ ሕጉ ግማሽ ቀን አውርቶበታል። በአማርኛ የተላከ ነው፣ ለጁሪው የቀረበው ትርጉሙ ነው። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ስናነበው፣ የማታውቀውን ነገር አለቃዋን የምትጠይቅ ሠራተኛ ትሰማናለች። የምታውቅ ሰው ምን እንደምትል ታውቃለች፣ አትጠይቅም። ለመንግሥት በሚመች መነጽር ካነበብነውም ሁለቱንም ይሸከማል። እኩል ከሆነ ደግሞ የኒውዮርኮቹን ሁለት ሰዎች ያዳነው ያ ነው። በይግባኙ ጽሑፍ የመጀመሪያውን ገጽ የምሰጠው ለዚያ ቴክስት ነው። ብንደብቀው መንግሥት ያነሳዋል፣ ስለዚህ እኛው እናንሳው።

ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ። ባለፈው እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ አንድ አባት ተነስተው ጠይቀውኝ ነበር። «ልጄ፣ በይግባኝ በቂ ማስረጃ የለም ተብሎ ቢለቀቅ፣ እነሱ ሌላ ማስረጃ ፈልገው እንደገና አይከሱትም ወይ?» አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ፍርሃቱ ይገባኛል። ፍርዱ በሥነ ሥርዓት ስህተት ከተሻረ፣ ለምሳሌ ዳኛው ጁሪውን በስህተት አስተምሮት ከሆነ፣ አዎ፣ እንደገና ሊከሰስ ይችላል። ማስረጃ አልበቃም ተብሎ ከተሻረ ግን አይቻልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1978 ወስኖታል፤ መንግሥት ማስረጃውን የሚያቀርብበት አንድ ጊዜ አለው፣ ያን ጊዜ ካላሟላ ለዚያው ክስ ሁለተኛ ችሎት የለውም። አባታችን ይሄን ሲሰሙ ዝም ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ደግሞ ተነሱና «አሥራ አራት ቀን ነው ያልከኝ?» አሉ። አዎ አባቴ፣ 14 ቀን። ፍርዱ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ።